ከእንጦጦ እስከ አባ ሳሙኤል፦ የውሃውን መንገድ በሚኒባስ

አዲስ አበባ ዳር ዳሩን ስለ ውሃ የማያማርር ሰው ብትፈልጉ አታገኙም። ኮዬ ፈጬ ያለው «ሳምንቱን ሙሉ ጠብ አላለም» ይላል። ሰንዳፋ ያለው «ግድቡ ደጄ ነው፣ እኔ የምቀዳው ከኩሬ ነው» ይላል። አቃቂ ያለው ደግሞ «ወንዙ ገደለን» ይላል። ሦስቱም ልክ ናቸው። ግን ተያይተው አያውቁም። እያንዳንዱ የሚያማርረው ለጎረቤቱ ነው፣ ጎረቤቱ ደግሞ ያው እሱኑ ችግር የያዘ ሰው ነው። እንዲህ እየተባለ ስንት ዓመት ሄደ።

በውሃ ሥራ ላይ ያሉ ጥቂት ወጣቶች ናቸው ሐሳቡን ያመጡት። ገንዘብ አዋጡና ሚኒባስ ተከራዩ። ውሃውን ከላይ እስከ ታች እንከተለው፣ ማታ ማታ ወደየቤታችን እንግባ፣ ቅዳሜ ቁጭ ብለን እናውራ አሉ። አበል የለም። ቲሸርት የለም። ባነር የለም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔን የሳበኝ እሱ ነው፤ አበል ያለበት ስብሰባ ላይ ሰው ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ነው።

መኪናው ውስጥ የነበሩትን ላስተዋውቃችሁ። የኮዬ ፈጬ የዕድር ዳኛ አሉ፣ ሁሉ ነገር በቃለ ጉባኤ ካልሆነ የማያምኑ። አቃቂ ቦኖ ላይ ውሃ የሚሸጡ እትዬ አሉ። የሰንዳፋ አካባቢ ገበሬ። የአቃቂ ወንዝ ዳር ጎመን አምራች። የአንድ ቆዳ ፋብሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ፣ ገና ወጣት ልጅ፣ መጀመሪያ ላይ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ወደ ኋላ ዞሮ የማያይ። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ዕድሜ ልካቸውን ውሃ ሥራ ላይ ኖረው ጡረታ የወጡ ኢንጂነር፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው። እና እኔ።

ሰኞ፣ እንጦጦና ሱሉልታ

በሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወጣን። ግንቦት ነው፣ በልጉ እንደነገሩ ዘንቦ ሄዷል፣ ክረምቱ ገና አልገባም። አናቱ ላይ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጋሼ ከቦርሳቸው አንድ ሃይላንድ ውሃ አወጡ። የተራራው ጫፍ ላይ ቆሙና ግማሹን በደቡብ በኩል፣ ግማሹን በሰሜን በኩል አፈሰሱት። ክዳኑን እንደያዙ ማስረዳት ጀመሩ።

«ይሄኛው ወደ ከተማው ይወርዳል። ቀበና በሉት ቀጨኔ፣ መጨረሻው አቃቂ ነው። ከአቃቂ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ ጅቡቲ ድንበር አጠገብ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ያኛው ሱሉልታ ሜዳ ላይ ይወርዳል፣ ሙገር ይገባል፣ ከሙገር ዓባይ።»

«ታዲያ ግብፅ የሚሄደው በዚያ በኩል ነዋ!» አሉ የዕድሩ ዳኛ። ተሳቀ። ግን ሁላችንም ጎንበስ ብለን መሬቱን አየን። አፈሩ ውሃውን አልጠጣውም። ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ ተንከባሎ ወደ ታች ሮጠ። ጋሼ የፈለጉት ይህንን ነበር። ባሕር ዛፍ ተጠጋግቶ ተተክሎ ቅጠሉም በየቀኑ ለማገዶ እየተጠረገ ሲወሰድ ሥሩ ሣር አይበቅልም፣ ሣር በሌለበት ዝናቡ ወደ መሬት አይሰርግም። ክረምት ላይ ጎርፍ ሆኖ ከተማው ላይ ይወርዳል፣ በጋ ላይ ምንጩ ይደርቃል።

ባሕር ዛፉን ግን በክፉ ብቻ ማንሳት ግፍ ነው። ቤተ መንግሥቱ እንጦጦ ላይ በነበረ ጊዜ ማገዶው አልቆ ነበር፣ ብርዱም አይቻልም። እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃን ወደዱና አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ታች ተቆረቆረች። ታችም የማገዶ ነገር ያው ሆነ። ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ባይመጣ ከተማዋ እንደ ቀደሙት ነጋሢ ከተሞች ድንኳኗን ነቅላ ትሄድ ነበር የሚሉ አሉ።

እዚያው ቆመን ሳለ አንዲት እናት እንጨት ተሸክመው ቁልቁል መጡ። ሸክሙ ከቁመታቸው ይረዝማል፣ ገመዱ ደረታቸውን ሰርስሮ ገብቷል። መንገድ ለቀቅንላቸው። ጋሼ «እማማ፣ ባሕር ዛፉ እየተነሳ በጽድና በወይራ በኮሶም እየተተካ ነው፣ ምን ይላሉ?» ብለው ጠየቁ። ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ትንፋሽ ወሰዱ። «ጥሩ ነው። ጽዱ እስኪደርስ ልጆቼ ምን ይብሉ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም» አሉና ሄዱ።

የዕድሩ ዳኛ ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉት። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከተከፈተ ወዲህ የአገር በቀል ዛፉ ሥራ በዓይን ይታያል፣ ማንም አይክደውም። የሴትየዋ ጥያቄ ግን ሳምንቱን ሙሉ ከመኪናችን አልወረደም። በደረስንበት ሁሉ ያው ጥያቄ ሌላ ልብስ ለብሶ ይጠብቀናል።

ከሰዓት በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ክረምት ላይ ረግረግ ይሆናል፣ በጋ ላይ ድርቆሽና ወተት ነው ሥራው። አሁን ግን መጋዘንና ውሃ ማሸጊያ በየቦታው በቅሏል። አንድ ሱቅ ገብተን የታሸገ ውሃ ገዛን። ባለሱቁ ለራሱ የሚጠጣው ከጓሮው ጉድጓድ ነው። ዘነበብንና ቶሎ ተመለስን።

ማክሰኞ፣ ለገዳዲና ድሬ

በደብረ ብርሃን መንገድ ወጣን። ለገጣፎን አልፈን፣ ቤቱ እየሳሳ፣ እርሻው እየሰፋ። የለገዳዲ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ነው የተሠራው። ድሬ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ተጨመረ። ገፈርሳ፣ በአምቦ መንገድ ያለው፣ ከሁለቱም በዕድሜ ይበልጣል። ከተማው ከግድብ የሚያገኘው ውሃ በሙሉ ከነዚህ ነው፣ የቀረው ከጉድጓድ።

ውሃው ላይ ስንደርስ ሁላችንም ዝም አልን፣ ከጋሼ በስተቀር። እሳቸው የሚያዩት ውሃውን አይደለም፣ ቀለሙን ነው። ቡኒ ነው። ከዙሪያው ካለው እርሻ ታጥቦ የገባ አፈር ነው። አፈሩ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ የግድቡን ሆድ እየሞላ ውሃ የሚይዝበትን ቦታ ይቀንሳል። ሁለተኛ ማጣሪያው ጋ ሲደርስ አሉም የሚባለው ኬሚካል በብዛት ይገባበታል፣ ጭቃው እንዲቋጠርና እንዲዘቅጥ። አፈሩ በበዛ ቁጥር ኬሚካሉ ይበዛል፣ ኬሚካሉ ደግሞ ገንዘብ ነው።

«ስለዚህ ገበሬው እርከን ይሥራ!» አሉ የዕድሩ ዳኛ ቀልጠፍ ብለው።

ገበሬው እስካሁን ብዙ አልተናገሩም ነበር። ወደ ቤታቸው ወሰዱን። ከደጃቸው ትንሽ ራቅ ብሎ ቦረቦር አለ፣ አንድ ሰው ቆሞ የሚገባበት። ዘንድሮ በልግ ላይ ነው ይህን ያህል የሰፋው አሉ። ጠርዙ ላይ የጤፍ መሬታቸው ተቆርጦ ተንጠልጥሏል፣ የሣሩ ሥር አየር ላይ ነው። በእግራቸው ገፋ ሲያደርጉት አንድ ጉማጅ አፈር ከነሥሩ ወደቀ። ከታች ያለው ውሃ ደፈረሰ። «ያ ነው ለገዳዲ የሚገባው» አሉ። «የኔ አፈር ነው። ሲሄድ ደስ ይለኛል መሰላችሁ?»

ከዚያ ቡና ተፈላ። ባለቤታቸው ጠላ ቢጤም አቀረቡ። ነገሩ የተፈታው እዚያ ነው። ተማሪዋ አፋን ኦሮሞ ትችላለች፣ «በቋንቋዎ ይናገሩ፣ እኔ እተረጉማለሁ» አለቻቸው። ሰውዬው ተለወጡ። መኪና ውስጥ በአማርኛ «እሺ፣ አዎ» ብቻ ሲሉ የነበሩት ሰው ሒሳብ መሥራት ጀመሩ። እርከን ስሠራ መሬቴ ይጠባል። ሣር ስተክልበት ከብት ለሁለት ክረምት ማስገባት የለብኝም። ያን ጊዜ ከብቴ የት ይግጣል? መኖ ማን ይሸፍናል? ቦረቦሩን ለመድፈን ድንጋይና ጋቢዮን፣ ያ ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን፣ ያስፈልጋል፣ ለደቦ የሚመጣው ሰው ይበላል፣ ይጠጣል። ውሃው ሲጠራ የሚጠጣው አዲስ አበባ ነው፤ እኔ የምቀዳው ከኩሬ ነው። ወጪውን እኔ ብቻዬን የምሸከመው በምን ዕዳዬ ነው?

የዕድሩ ዳኛ ወዲያው አልመለሱም። «እኛም ለውሃ እንከፍላለን እኮ» አሉ በመጨረሻ። «የምትከፍሉት ለቧንቧው ነው» አሉ ገበሬው። ሙግቱ ተጀመረ፣ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ አላቆመም።

ጋሼ መሐል ገብተው ሌላ አገር የተደረገውን አወሩ። ኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1997 ከተራራው ላይ ካሉ ገበሬዎችና ትንንሽ ከተሞች ጋር ተፈራረመች። በብዙ ቢሊዮን ዶላር ማጣሪያ ከመገንባት የገበሬውን መሬት መንከባከቢያ ብንከፍል ይረክሳል ብለው አስልተው። የኢኳዶሯ ኪቶ ደግሞ እንደኛ ተራራ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የውሃ ፈንድ አቋቋመች፣ የውሃ ድርጅቱ ከሚሰበስበው ገንዘብ ላይ ትንሽ በመቶ ወደ ላይኛው ተፋሰስ ይመለሳል። ገበሬው በደንብ ሰሙ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ገንዘቡ በማን እጅ ነው የሚያልፈው?»

ይሄ ሰው ኮንፈረንስ ላይ መጋበዝ አለበት ብዬ ለራሴ አሰብኩ።

ረቡዕ፣ ኮዬ ፈጬ

ዛሬ ተራው የዕድሩ ዳኛ ነው፣ አገራቸው ገባን። ገበሬው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ገብተው አያውቁም ነበር። ደረጃውን ሲወጡ እያንዳንዱ ፎቅ ላይ ቆም ይላሉ። በየደረጃው ጀሪካን ነው። ቢጫ ጀሪካን በገመድ ተቆላልፎ፣ የቤት ቁጥር በማርከር ተጽፎበት። የአንዱ ክዳን ጠፍቶ በላስቲክ ተቋጥሯል። አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ወጣት እናት ልጅ አዝላ ሁለት ጀሪካን ይዛ ትወጣለች፣ አንዱ ብቻ 20 ኪሎ ነው። ገበሬው ሳይጠይቁ አንዱን ተቀበሏት። ማክሰኞ የተሟገቷቸው የዕድሩ ዳኛ ደግሞ ሌላኛውን።

ውሃው በፈረቃ ነው። ሲመጣ ሌሊት ይመጣል፣ ታች ፎቅ ላይ ያለው ይቀዳል፣ ላይ ፎቅ የሚደርሰው የአየር ፉጨት ነው። ለምን እንደሆነ ጋሼ አስረዱ። አቃቂ ያለው ጉድጓድ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ነው፣ ጥሩ ውሃ ነው፣ ግን ከተማው ካለበት ከፍታ አንጻር ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው ያለው። ሽቅብ መገፋት አለበት፣ ለዚያ መብራት ያስፈልጋል። መብራት ሲሄድ ውሃም ይሄዳል። ከለገዳዲና ከገፈርሳ የሚመጣው ግን አብዛኛውን መንገድ በራሱ ቁልቁል ይወርዳል። «ስለዚህ የላይኛው ውሃ ሲጠራ የመብራትም ወጪ ይድናል ማለት ነው» አለች ተማሪዋ። የዕድሩ ዳኛ ጻፉ።

ከሰዓት ግቢው ውስጥ ነዋሪው ተሰበሰበ። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ያህል እኛን የመንግሥት ሰዎች መስለናቸው ተጮኸብን። ሰው የሚጮኸው የሚሰማው ሲያጣ ነው፣ ምንም አይደለም። ከዚያ ነገሩ ወደ ጣሪያ ዞረ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብባታል። 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው ሰው፣ የሚፈሰውና የሚተነው ከአምስት እጅ አንዱ ቢቀነስ እንኳ፣ በዓመት 48,000 ሊትር ከጣሪያው ይወርዳል። 2,400 ጀሪካን ነው። ችግሩ አብዛኛው የሚመጣው በክረምት ሦስት አራት ወር ነው፣ ማስቀመጫ ካላችሁ ነው የእናንተ የሚሆነው። ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ ጣሪያው አንድ፣ ቤተሰቡ ብዙ። ለመጠጥ አይደለም፣ ለሽንት ቤትና ለወለል ነው። ለሱም ቢሆን የቦቴ ወጪ ይቀንሳል።

ታዲያ ሮቶውን ማን ይግዛ? የት ይቀመጥ? ቁልፉ በማን እጅ ይሁን? አንደኛ ፎቅ ያሉት «መስኮታችን ይጋረዳል» አሉ። አንድ ወጣት «ዕድሩ ድንኳንና ወንበር መግዛት ከቻለ ሮቶ ለምን አይገዛም? ለሞት ነው እንዴ ብቻ የምናዋጣው?» አለ። ሽማግሌዎቹ ተቆጡ። ከዚያ አንዷ እናት «ልጁ እውነቱን ነው፣ ባለፈው ለቅሶ ቤት ውሃ ጠፍቶ ሰሃን ሳይታጠብ አደረ አይደል?» ሲሉ ሁሉም ዝም አለ። ወሳኙ ክርክር ይሄው ነበር። ከየትኛውም የቴክኒክ ማብራሪያ ይልቅ ያደረው ሰሃን አሸነፈ።

ሐሙስ፣ አቃቂ

ጎመን አምራቹ ወንዙ ዳር ጠበቁን። ማሳው ያምራል፣ ልንገራችሁ። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ረድፍ ረድፉን። በጄኔሬተር ፓምፕ ከአቃቂ ወንዝ ይጠጣል። ወንዙ ደግሞ ጥቁር ነው፣ ዳሩ ላይ አረፋ አለው፣ ሽታው ልብስ ላይ ይቀራል። ተማሪዋ በጠርሙስ ቀድታ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው። ምሳ እስክንበላ ድረስ ከታች ሁለት ጣት ያህል ጥቁር ዝቃጭ ሠራ።

ፋብሪካው ከማሳው ሩቅ አይደለም። ልጁና ጎመን አምራቹ ግን ተነጋግረው አያውቁም። እስከ ዛሬ ልጁ ከሾፌሩ ጎን አልተነሳም ነበር፣ አሁን ወርዶ ከሰዎቹ ጋር ቆመ። ቆዳ ክሮም በሚባል ኬሚካል ነው የሚለፋው። ክሮሙ ካልተጣራ ወደ ወንዝ ይገባል፣ ከወንዙ ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ ጎመኑ። አቃቂ ወንዝ የሚጠጣ አትክልት ላይ እንደ ክሮም ያሉ ከባድ ብረቶች መገኘታቸው ከተማው ውስጥ በተደጋጋሚ የተጠና ነገር ነው።

«ማጣሪያ አላችሁ ወይስ የላችሁም?» አሉት ጎመን አምራቹ ፊት ለፊት።

«አለን።»

«ይሠራል?»

ልጁ መሬት መሬት አየ። «መብራት ሲኖር ይሠራል። ኬሚካሉ ሲገኝ ይሠራል።» ቀጥሎ የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም፣ እንጀራው ነው። ግን ዋሽቶ ማምለጥ ሲችል አልዋሸም፣ ለዚያ አከበርኩት።

ሁሉም ልጁ ላይ ሊያወርዱበት ሲሉ ጋሼ አስቆሙ። ወንዙን የሚያቆሽሸው ፋብሪካ ብቻ አይደለም አሉ። ቃሊቲ ትልቅ የፍሳሽ ማጣሪያ አለ፣ ግን ከተማው ውስጥ ሁሉም ቤት መስመሩ ላይ አልተቀጠለም። የብዙ ሰው ሽንት ቤት ጉድጓድ ነው፣ ክረምት ሲገባ ተደብቆ ወደ ወንዝ የሚለቀውም አለ። «የእናንተ ግቢ ፍሳሽስ የት ይገባል?» ብለው ወደ ዕድሩ ዳኛ ዞሩ። ዳኛው «ታች ነው» አሉ። «ታች የት?» መልስ የለም። ጎመን አምራቹ በእጃቸው ወንዙን አሳዩ። የዕድሩ ዳኛ የዚያን ዕለት ብዙ አልተናገሩም።

እትዬ ጎመኑን ገዝተው ሄዱ። «ሳልገዛ ብሄድ እኚህ ሰው ምን ይብሉ? ብገዛ እኔስ?» አሉ መኪና ውስጥ። ለማን እንደሚሰጡት አላወቁም፣ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠውት ሄዱ።

አርብ፣ አባ ሳሙኤል

ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ የሚገናኙበት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ እዚህ ነው የተሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1932። ብዙ ዘመን ተዘግቶ ቆይቶ በቻይና እርዳታ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደገና ሥራ ጀመረ። ታሪኩ ያኮራል። ውሃው ግን እንቦጭ የለበሰ ነው። ከሩቅ ሲታይ አረንጓዴ ሜዳ ይመስላል፣ ከብት የሚሰማራበት። እንቦጭ ደግሞ የሚወፍረው በምን እንደሆነ ሁላችንም ሐሙስ አይተናል፤ ከተማው የለቀቀው ቆሻሻ ማዳበሪያው ነው።

እዚያ ብዙ አልቆየንም፣ ሽታውም አላስቆመንም። ግን እትዬ አንድ ነገር ጠየቁ። «ከዚህስ ወዴት ይሄዳል?» አዋሽ ይገባል፣ ቆቃ ይገባል፣ ወንጂና መተሐራ ሸንኮራ ያጠጣል፣ አፋር ላይ ሰውም ግመልም ይጠጣዋል። «እነሱን ለምን አልጠራችኋቸውም?» አሉ። አዘጋጆቹ ተያዩ። ሚኒባሷ 12 ሰው ነው የምትይዘው ብሎ መመለስ ይቻል ነበር፣ ማንም አልደፈረም።

ቅዳሜ፣ አቃቂ፣ የዕድር አዳራሽ

ስብሰባውን የመሩት የዕድሩ ዳኛ ናቸው፣ በዕድር ደንብ። የዘገየ ይቀጣል፣ ሰው ሲናገር ያቋረጠ ይቀጣል፣ ቃለ ጉባኤ ሳይነበብ ማንም አይወጣም። ከዚህ በፊት ስንት የውሃ ዐውደ ጥናት ላይ ተቀምጫለሁ፣ እንዲህ በሥርዓት የተመራ አላየሁም። ከየመንደሩ ሌላ ሰውም መጥቷል። ሁሉም በቋንቋው ተናገረ፣ ተማሪዋና አንድ ወጣት ተቀባብለው ተረጎሙ።

ትልልቁ ነገር አልተፈታም። ለገዳዲ አዲስ አበባ ይጠጣዋል፣ ተፋሰሱ ግን ሌላ አስተዳደር ውስጥ ነው። ክፍያ ቢመጣ በማን በኩል እንደሚያልፍ በዕድር አዳራሽ የሚወሰን አይደለም። የአገሪቱ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ 197/1992 ውሃው የሕዝብ የጋራ ሀብት ነው ይላል። ለመስኖ ተጠቃሚዎች ደግሞ የማኅበር አዋጅ አለ፣ 841/2006። የላይኛውንና የታችኛውን፣ ጠጪውንና ገበሬውን አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ግን እኔ እስካየሁት አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። በባሕር ዛፍ ላይም አልተስማሙም። ገበሬው «ልጄ የምትማረው በሱ ነው» አሉ፣ አበቃ።

የተስማሙበት ትንሽ ነው። ሁለት የኮዬ ፈጬ ዕድሮች ለቦረቦሩ አፈር ለሚይዘው የደሾ ሣርና ለድንጋይ ማጓጓዣ ያዋጣሉ፣ ለሁለት ክረምት ደግሞ የመኖ ወጪውን ይካፈላሉ። በምላሹ የሰንዳፋው ገበሬና አምስት ጎረቤቶቻቸው ከቦረቦሩ ዙሪያ ከብት ያርቃሉ። ሥራው በደቦ ነው፣ የኮንዶሚኒየም ወጣቶች ሄደው ይቆፍራሉ። (ገበሬው የወጣቶቹን እጅ አይተው ፈገግ አሉ።) ገንዘቡ ከሁለቱም ወገን በተመረጡ ሦስት ሰዎች ፊርማ ነው የሚወጣው፣ ያችን ነገር ገበሬው ሳይጽፉት አልፈረሙም። የዕድሩ ዳኛ በበኩላቸው የግቢያቸው ፍሳሽ የት እንደሚገባ ተከታትለው በሚቀጥለው ስብሰባ ሪፖርት ሊያቀርቡ ቃለ ጉባኤው ላይ ስማቸውን አስፈሩ። የፋብሪካው ልጅ የፍሳሽ ምርመራ ውጤት በየወሩ ለጎመን አምራቾቹ አሳይ ተባለ። «ሥራ አስኪያጁን ሳልጠይቅ ቃል አልገባም» አለ። «ጠይቅ፣ እንጠብቃለን» ብለው ቀጠሮ ሰጡት። ጎመን አምራቹ ስልክ ቁጥሩን ወሰዱ።

እትዬ ያነሱት የአፋር ጥያቄ ቃለ ጉባኤው ላይ «በይደር» ተብሎ ገባ።

ሽሮ ተበላ። ከዚያ ቀጣዩ ስብሰባ ሰኔ መጨረሻ ላይ ሰንዳፋ፣ ገበሬው ግቢ ውስጥ እንዲሆን ተወሰነ። የሚኒባሱን ኪራይ ማን እንደሚከፍል ግን ሌላ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ በነፍስ ወከፍ ይዋጣ ተባለ፣ ሾፌሩ ደግሞ ነዳጅ ጨምሯልና ዋጋው እንደ ድሮው አይደለም ብሎ አስጠነቀቀን።